የሁለተኛው ጋቢና ምስክር

ባሕር ዳር፣ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመርስዔ ኀዘን፣ ሐረር።

ብዕሩን የያዘችው ሚስቴ ወለተ ኪዳን ናት። እጁ የሷ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ የአገኘሁ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብታ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች፤ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ታሳየኛለች። እኔንም ቀበሌው ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ይዤ ኖሬ በስተርጅና እርሳስ አልይዝም ብዬ ሦስት ጊዜ መለስሁት። እንግዲህ ፊደሉ ቢጣመም የሷ ነው፤ ነገሩ ቢጣመም የኔ።

እንዴት ሰነበትህ? ያ የምታማርርበት ጉልበትህ እንዴት ነው? ተማሪዎችህ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። መሪጌታ ብዬ አልጠራህም። ሌላው ሰው ይጥራህ፤ አንተ እኔ አዝዬ ያሳደግሁህ ነህ።

በመስከረም ለጻፍህልኝ እስካሁን አለመመለሴ ጥፋት ነው። ጥፋት ነው ብያለሁ፣ ይበቃሃል። ግን «መኪናይቱ ዛሬም ትሄዳለች ወይ?» ያልኸው አናዶኛል። ምን ማለት ነው ትሄዳለች ወይ? ሐረር ሄደህ ረስተሃት ከሆነ ላስታውስህ። ያ ጀርመናዊ መንገድ ቀያሽ፣ ሙሴ ኩርት፣ አገሩ ሲገባ ለሾፌሩ ለኔ የተወልኝ ቮልስዋገን ፒክአፕ ናት። ፋብሪካው የሚያወጣት ባለ አንድ ጋቢና አድርጎ ነበር። የኛዪቱን ግን ሠረገላ ሲሠሩ የኖሩ የጀርመን ባለእጆች ወገቧን ቆርጠው፣ ሁለተኛ ጋቢና በመዶሻ ቀጥቅጠው ቀጠሉላት፤ ካሶኒዋንም፣ የጭነት ሳጥኗን፣ በዚያው ልክ አሳጠሩት። የኋላው ጋቢና በሩ አንድ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል፤ አከፋፈቱም እንደ ሌላው መኪና አይደለም፣ ወደ ኋላ ነው። አለቃ ወልደ ሐዋርያት በዘጠና ዓመታቸው ማንም ሳይደግፋቸው የሚገቡባት መኪና እሷ ብቻ ናት። «እንደ በቅሎዬ ነው የምወጣባት» ይላሉ። ከዱርቤቴ ስንት ምጥ የያዛት ሴት በዚያ በር ገብታ ሐኪም ቤት ደርሳለች! ከአሥመራ እስከ ሞያሌ ስነዳ ኖሬ አቻዋን አላየሁም።

አሁን ያንን ጋቢና ቁረጥ ተብያለሁ።

ለዓመቱ ቦሎ ምርመራ ወስጃት ነበር። አዲስ መርማሪ መጥቷል፣ ጓድ አምባቸው የሚሉት፣ ደረቱ ላይ ዓርማ ያደረገ ሸንቃጣ። የመኪናይቱን ደብተር፣ ሊብሬውን ገለጠ፤ ዞሮ ዞሮ አያት፤ የኋላውን ጋቢና በጣቱ አንኳኳ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ፒክአፕ፣ ባለ አንድ ጋቢና ይላል። ይህ ሁለተኛው ከየት መጣ?»

«ከጀርመን።»

«ማን ቀጠለው?»

«ጀርመን።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱንማ ጀርመንን ጠይቅ!»

«አባባ፣ አይቀልዱ።»

«አልቀለድሁም። አባባህም አይደለሁም።»

እዚሁ አገር የተበየደ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ዘንድሮ አንድ በብየዳ የተቀጠለ ጋቢና መንገድ ላይ ተገንጥሎ ሰው ጎድቷል አሉ፤ ስለዚህ ወይ ከመኪናይቱ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ወይ መጋዝ። ቀነ ቀጠሮው ሚያዝያ ሃያ ነው። ከወንበሩ ሥር ላሜራው ላይ 41 የሚል ቁጥር ተመትቷል፤ ወንበሩን አንሥቼ አሳየሁት። «ቁጥር ማንም ይመታል» አለኝ።

ማስረጃስ ነበረኝ። በሩ መቃን ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል የነሐስ ሰሌዳ በብሎን ታስራ ነበር፤ የሠሪዎቹ ስም፣ ቁጥሩና ዓመቱ የተቀረጸባት። አሁን የለችም። የት ሄደች ብለህ አትጠይቀኝ።

ይልቅ አንተ ንገረኝ። ያ ያሠራሁልህ ጸናጽል ደኅና ነው?

ወንድምህ አገኘሁ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኀዘን።

ጸሐፊዋ ያችው ናት። ደብዳቤህ ደረሰኝ። አትጠይቀኝ ያልሁህን ከሰላምታው ቀጥለህ ጠየቅኸኝ። ከልጅነትህ እንዲሁ ነህ። ስለ ጸናጽሉ ደግሞ «ደኅና ነው» ብለህ በአንድ ቃል አለፍኸው። አንተ በአንድ ቃል የምታልፈው ነገር የለህም፤ ገርሞኛል።

በል እንግዲህ ስማ። ሰሌዳዋ ያለችው ጸናጽልህ ላይ ነው።

አቋቋም አስመስክረህ የተመለስህ ጊዜ የሰው ጸናጽል ተውሰህ ማኅሌት ስትቆም አየሁህ። የአገኘሁ ወንድም የሰው ዕቃ ተውሶ! ደሜ ፈላ። አንጥረኛው ዘንድ ብሄድ ነሐስ አልቆብኛል አለኝ። ወጥቼ መኪናዬን ስዞር ያችን ሰሌዳ አየኋት። ጽሑፍ ናት፤ ጽሑፍ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ቁጥሩን አይቸዋለሁ፤ ቁጥርስ አውቃለሁ፣ ሾፌር ነኝ። ግን የኔን መኪና ማን ይጠራጠራል ብዬ ሁለቱን ብሎን ፈታሁና ሰጠሁት። ከሚያቃጭሉት አምስት ክቦች ሁለቱን ከሷ አወጣ፤ ሦስቱን ከአሮጌ ዕቃ ሞላ።

ላንተ ግን ከአሥመራ ነሐስ አስመጥቼ አሠራሁልህ አልሁህ። ዋሸሁ። አንተም «የአሥመራ ነሐስ ድምፁ ሌላ ነው» እያልህ ለሊቃውንቱ ስትናገር፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ጢሜን እየዳበስሁ ሰማሁ። አሥራ አራት ዓመት! አንድ ቀን ልነግርህ አስቤ ነበር። ድምፁን እንዲያ ስታደንቅ፣ የመኪና በር ነው እንዴት ልበልህ? ይኸው አሁን አልሁት። ይቅርታ ማለት ይህ ከሆነ ይቅርታ ብያለሁ።

(መሪጌታ፣ እኔ ወለተ ኪዳን ነኝ። ይህን ሲያስጽፈኝ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር። ሳነብለት ይህችን እዘላታለሁ።)

«መርማሪው ክፉ ሰው ነው ወይ?» ላልኸው፣ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሁለተኛ ስሄድ ወንበር ሰጠኝ። «አባባ፣ እኔም እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም። ግን ስለ ወደድሁት ብቻ ማኅተም አልመታበትም» አለኝ። አሁን አባባ ሲለኝ ዝም እለዋለሁ፤ ማረሙ ሰለቸኝ።

እንግዲህ የምፈልግብህ ይህ ነው። ክቦቹን አገላብጠህ እያቸው። 41 የሚልና 55 የሚል አለ? ሊብሬው መኪናይቱ በፈረንጅ 1955 ተሠራች ይላል። በሰሌዳይቱም ላይ 55 ከተገኘ መኪናይቱና ጋቢናው እኩዮች ናቸው ማለት ነው፤ እዚህ አገር የበየደው የለም። ፈትተህ ላክልኝ አላልሁም። እይና ጻፍልኝ፤ የቀረውን ኋላ እናስብበታለን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ጸናጽል ተሰቅሎ ዝም የሚልበት ወራት ነውና ለማየት ጊዜ አለህ።

አገኘሁ


ሐረር፣ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሰላም ለከ ኦ እኁየ።

ይድረስ ለተከበሩት ወንድሜ ለአያ አገኘሁ። እንዴት ከረሙ? እሜቴ ወለተ ኪዳን እንዴት ናቸው? የእጃቸው ጽሕፈት አስደንቆኛል፤ እዚህ ካሉት ተማሪዎቼ የእሳቸውን ያህል የሚያጠራ ከሁለት አይበልጥም። ይህን ሲያነቡልዎ እንዳይዘሉት አደራ።

የነሐሱን ነገር እንዳነበብሁ ሳቅሁ፤ ተማሪዎቼ «የኔታ ምን ሆኑ?» እስኪሉ ሳቅሁ። አያ፣ እርስዎ የዋሹኝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የኔ ነው የሚያሳፍረው።

«ደኅና ነው» ያልሁዎ ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ደኅና ነው። ከኔ ዘንድ ግን የለም። ወደ ሐረር ልመጣ በተነሣሁበት ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ደቀ መዝሙሬ ተመርቆ ለአገልግሎት ወደ አገሩ ሊገባ ሆነ። መቋሚያ አለው፣ ጸናጽል የለውም። ለመግዛትም አቅም የለው። ሳስበው ሳስበው፣ እኔ ተውሼ ስቆም አይተው ደምዎ እንደ ፈላው የኔም ፈላና በእጁ አኖርሁለት። ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ብራናውን አሰናዳሁ፤ ሦስት ጊዜ «አያ ከአሥመራ ያስመጡልኝን ለሰው ሰጠሁ» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። ከዚያ በኋላ «ጸናጽሉስ?» ባሉኝ ቁጥር «ደኅና ነው» እያልሁ አምስት ዓመት ሞላኝ።

አሁን ደግሞ ይበልጥ የሚያስቀው፣ የተክለ ጊዮርጊስ አገር ቁንዝላ ነው። እርስዎ ሐረር ድረስ የጻፉለት ጸናጽል ከደጅዎ ባለው ሐይቅ ማዶ ተሰቅሏል።

ለሱ የጻፍሁትን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። ክቡን ፈትቶ ይስጥዎ ብያለሁ፤ እኔ ፈቅጃለሁ። እግዚአብሔርም ለአንዲት የነሐስ ክብ አይቀየምም። እሱን ብቻ አይቆጡት፤ ዐይነ አፋር ነው።

ታናሽ ወንድምዎ መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኀዘን።

«አገኙት ወይ?» የሚለው ቴሌግራምህ ትናንት፣ «ለምን አልፈቱትም?» የሚለው ደግሞ ዛሬ ደረሰኝ። ወሬው ካንተ ዘንድ በማን አፍ ቀድሞ እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ወለተ ኪዳን መጻፍ ከቻለች ወዲህ በዚህ ቤት ምሥጢር የለም።

አገኘሁት። የወሩን የቤንዚን ኩፖን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ዱርቤቴ ደኅና፣ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ መንገድ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ልጁ ልጅ አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ወረቀትህን አነበበና ጸናጽሉን አምጥቶ፣ ከነጭ ጨርቅ ፈትቶ ዘረጋልኝ። አንደኛዋ ክብ በመቃጨል ብዛት ሙልጭ ብላለች። በሁለተኛዋ ላይ 41 አለ። 55 አለ። ሁለቱም እንደ ትናንት ናቸው።

ፒንሳ ይዤ ነበር የሄድሁት። አልደብቅህም፤ አውጥቼ አስጠጋሁት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ምነው?» ብለው «ምንም» አለኝ። ነገሩን ከደብሩ ሰዎች ሰማሁ፦ ሽቦውን የሚያስር አንጥረኛ በዚያ አካባቢ የለም፤ አንዷ ከወጣች አምስቱም ይፈታሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ በዚያ ደብር ያለው ጸናጽል እሱ ብቻ ነው።

ፒንሳውን ኪሴ ከተትሁት።

አንተ ፈቅጃለሁ ብለሃል። አንተ ማን ነህና? የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለማኅሌት የሰጠሁትን መልሼ የምነቅል ሰው አይደለሁም፤ አባታችን ቄስ ነበሩ። ፊደል አልቈጠርሁላቸውም፤ ይህን ደግሞ አላደርግባቸውም።

«ይዤው ልምጣ ወይ?» አለኝ ተክለ ጊዮርጊስ። አትምጣ አልሁት። ጸናጽል በጾም ተሰቅሎ ይከርማል እንጂ የመኪና ምስክር ተብሎ ቢሮ ለቢሮ አይዞርም አልሁት። ክቧን ከሰል ቀብቶ ወረቀት ላይ አትሞ ሰጠኝ፤ ወስጄ ለጓድ አምባቸው አሳየሁ። «ወረቀትማ ማንም ያትማል አባባ፤ ሰሌዳ የሚፈለገው ከመኪናው ላይ ነው» አለኝ። ቁንዝላ ሄደህ እይ አልሁት። ዓርማውን ነካ አድርጎ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ታየ እንዲባል እንደማይሻ ነገረኝ። ገባኝ። አልፈረድሁበትም።

ስለዚህ ይቆረጣል። ባትላሜራውን፣ ላሜራ ቀጥቃጩን፣ አነጋግሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቀጠረኝ፣ ሦስት ጊዜ መጋዙ ደነዘ አለኝ። «ሳለው!» ብለው «ሞረዱም ጠፍቷል» ይላል። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ጋቢና ቢቆረጥ መኪና መሄዱን አይተውም። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ግን ካሶኒ ላይ አይወጡም፤ ምጥ የያዛትም ሴት እንደዚያው። እሱ ነው የከነከነኝ።

(መሪጌታ፣ በየቀኑ የኋላውን ጋቢና በሳሙና ያጥባል። ሊቆረጥ የደረሰን ነገር ለምን ታጥባለህ ብለው፣ «ቆሻሻ ነው እንዳይሉት» አለኝ። ወለተ ኪዳን።)

አገኘሁ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኀዘን።

«ሲቆርጡት አለቀሱ ወይ?» ብለሃል። አላለቀስሁም፤ አልተቆረጠማ! ደብዳቤህ መንገድ ላይ ሳለ ነገሩ አለቀ። ተቀመጥና ስማ፤ ባለታሪኩ እኔ ነኝና ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ።

ሚያዝያ ሃያ ማለዳ ወደ ቢሮው ነዳኋት። ልለምን አልነበረም። መቆረጡን ተቀብያለሁ የሚል ወረቀት ነበር፤ አውራ ጣቴን ላትምበት ነው። ከደጁ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ቀረብ ብል ተክለ ጊዮርጊስ ነው፤ በዋዜማው በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ መጥቷል። ነጭ ጨርቅ ታቅፏል።

«ማን ላከህ?» አልሁት።

«ማንም።»

«አልመጣም አላልኸኝም?»

«እርስዎ አትምጣ አሉኝ እንጂ እኔስ አልመጣም አላልሁም።»

ያ ዐይነ አፋር የምትለው ነው! ቀድሞኝ ገባ። ጨርቁን ፈትቶ ጸናጽሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጓድ አምባቸው እንደ ማንኛውም ዕቃ ብድግ አደረገውና ክቦቹ ጭል አሉ።

«ኧረ ጌታዬ! ጾም ነው!» አለ ተክለ ጊዮርጊስ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

መርስዔ፣ በዐይኔ አየሁ፤ ያ ዓርማ ያለበት ሰው ጸናጽሉን ወዲያው ደረቱ ላይ ገጥሞ ዝም አሰኘው። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በሁለት እጁ። ከዚያ በሩን አየ፤ በሩ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ ክቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆንጥጦ እየያዘ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ መስኮቱ ሥር ወስዶ አያቸው። እንዲህ የሚይዘው ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም።

ተነሥቶ ወጣ፤ ተከተልነው። የኋላውን በር ከፈተ፣ ወንበሩን አነሣ፣ ላሜራው ላይ የተመታውን 41 አየ። ክቧን አጠገቡ አደረጋት። ለካ የአራቱ አናት ክፍት ነው፤ በላሜራውም ክፍት፣ በነሐሱም ክፍት። የአንዱም እግር ተቆልምሟል፤ እዚህም እንዲያው፣ እዚያም እንዲያው። በአንድ መምቻ የተመታ ነው። ሃያ ዓመት ስነዳት እኔ እንኳ ይህን ልብ አላልሁትም።

«አባባ፣ ልክ ነበሩ» አለኝ። ይህን ወለተ ኪዳን ደኅና አድርገሽ ጻፊው። «ልክ ነበሩ። ግን ይህ ሰሌዳ ከመኪናው ላይ መገኘት አለበት፤ ደንቡ ነው። ፈትተው ይመልሱት፣ አሁኑኑ ማኅተሜን እመታለሁ።»

ተክለ ጊዮርጊስ እጁን ወደ ሽቦው ሰደደ። ያዝሁት።

«አልፈታም። ማኅሌት የቆመ ነው። መጋዝህን አምጣ» አልሁት።

ጓድ አምባቸው አየኝ። ጸናጽሉን አየ። ቢሮው ተመልሶ ተቀመጠና ብዙ ቆየ፤ ጽፎ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጽፋል። በመጨረሻ ሊብሬው ላይ አሰፈረና ማኅተሙን አሳረፈበት። ወለተ ኪዳን ከሊብሬው ላይ እንዳለ ትገልብጥልህ፦

«ሁለተኛው ጋቢና በ1955 እ.ኤ.አ. ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። መለያ ቁጥሩ 41። የቁጥሩ ሰሌዳ በቁንዝላ በሚገኝ ጸናጽል ላይ ስለሆነ፣ ጸናጽሉ በየዓመቱ ከመኪናው ጋር ለምርመራ ይቅረብ።»

«በጾም አይሆንም» አለ ተክለ ጊዮርጊስ፤ አሁንም መሬት መሬት እያየ።

ሰውዬው ብዕሩን እንደገና አነሣና «ከዐቢይ ጾም ወራት በስተቀር» ብሎ ጨመረበት።

እንግዲህ በመላው ኢትዮጵያ በጸናጽል የምትመረመር መኪና የማናት? የኔ ናት። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ቁንዝላ ሄጄ ተክለ ጊዮርጊስን ከነጸናጽሉ የኋላው ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ አመጣዋለሁ፤ አስመርምሬ እመልሰዋለሁ። ሲመለስ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ጸናጽሉ እንዳያቃጭል ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ ላብ እስኪያጠምቀው አቅፎ ሄደ። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ዘለልሁና ጭል አለበት፤ «ይቅር ይበለን» አለ። «እኔን ነው ወይስ አንተን?» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሳቀ።

ባትላሜራው የጠፋውን ሞረዱን በዚያው ቀን አገኘው። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ ነገሩን ሰምተው፣ ጸናጽሉ ከተቀመጠበት በስተግራ እንጂ እላዩ ላይ እንዳልቀመጥ ብለው ቦታውን አስጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

የሐረሩ ትምህርት በክረምት ይፈታል ብለሃል። ፈትተህ ና። አምስት ዓመት በቂ ነው። ና ስልህ ልመና አይደለም፤ ናፍቆህ ይሆናል ብዬ ነው። እሺ፣ ናፍቀኸኛል። ሐይቁ ሳይሞላ ቁንዝላ እንወርዳለን፤ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ፣ ያንን በር ከፍቼ የማስገባህ እኔ ነኝ፤ ደቀ መዝሙርህ ያንን ነሐስ እንዴት እንደሚይዘው አብረን እንሰማለን። የአሥመራ ነው እንዳትል ብቻ።

ወንድምህ አገኘሁ

በቃ፣ አትጨምሪ። አሁን ወለተ ኪዳን፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እዚያ ሰውዬው «ልክ ነበሩ» ካለው ላይ ስትደርሽ ቁሚና ደግመሽ አንብቢው።